ለጥሩሐረግ ያፈላሁት ውሃ

ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእህቴ የእታገኝ ልጅ ጥሩሐረግ ዛሬ ጠዋት ሱቄ መጣች። ደንበኞች ፊት ብድግ ብዬ እጅ ነሣኋትና “ዶክተር፣ እዚህ አንድ የታመመ ሬዲዮ አለ፤ ምላሱን ይዩልን” አልኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን “ጠጋኙም ታሟል” ብላ ትመልስልኝ ነበር። ዛሬ ዝም አለች። ዶክተር አለመሆኗን ሰቆጣ ሙሉ ያውቃል፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመጨረስ ምርምሯ ብቻ ነው የቀራት። ዶክተር የምላት ጆሮዋ ቶሎ እንዲለምደው ነው።

የምትሠራበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ውሃ አንጥሮ የሚያወጣው ማሽን ተቃጥሏል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል ይመጣል፤ እሱ ነው የጨረሰው። ሄጄ ከፈትኩት። ማሞቂያው ከስሏል። ለሬዲዮም ለስልክም ለሶላርም ከአንዱ ፈትቼ ለሌላው እገጥማለሁ፤ ለዚህ ግን ሰቆጣ ውስጥ የሚፈታ ወንድም የለውም። ከደሴ ይምጣ ቢባል መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የሰነበተው። እንደሱ የነጠረው የባትሪ ውሃም ከፋሲካ ወዲህ ከኔም ሱቅ ጠፍቷል።

“የቧንቧውን አጥልለሽ ብትሠሪበትስ?”

“አይሆንም ጋሼ። ጨው አለበት። እኔ የምፈልገው ከውሃ በቀር ምንም የሌለበት ውሃ ነው።”

ዋግ ውስጥ ሰው ሁሉ ውሃ ፍለጋ ይወጣል። የእኛዋ ልጅ ባዶ ውሃ ፍለጋ ወጣች።

ያኔ የእታገኝ አረቄ ማውጫ ትዝ አለኝ። “ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ” አልኳት፤ “ውሃውን ለኔ ተይው።”

ሚያዝያ 18

እታገኝ አረቄ ታወጣለች። የድሮው ዕቃዋ ማሰሮ፣ መቃና መቀበያ ነበር። ካቻምና መቃውን አስጥዬ ከሞተ ፍሪጅ ጀርባ የፈታሁትን ቀላ ያለ ቱቦ ገጠምኩላት። ቱቦውን ጠምዝዤ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት በርሜል ውስጥ አሳለፍኩት። ማንም አላሳየኝም፤ ከራሴ ያወጣሁት ነው። ድሮ ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው አሁን እስከ ምሳ ያልቃል። እታገኝ ግን ታላቄ ናትና ምስጋና አታውቅም። እስከ ዛሬ “አረቄው ሳንቲም ሳንቲም ይላል” እያለች ትነዘንዘኛለች። “እትዬ፣ ሳንቲም መቼ ቀመስሽ?” ብላት የማሰሮ ክዳን አነሣችብኝ።

ጥሩሐረግ ደግሞ ዱቄቷን አሳየችኝ። ነጭ ነው፤ የደቀቀ ጨው ይመስላል። ስሙ ግላይሲልግላይሲን ነው። አስደጋግሜያት ያዝኩት፤ ከዚያ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ “እስቲ በለው” ስል ዋልኩ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ደጅይጥኑ ምላሱ ሊወልቅ ነበር።

እንደነገረችኝ ከሆነ ግላይሲን የምትባል ነገር አለች፤ የሰውና የእንስሳ ሥጋ ከሚሠራባቸው ሁሉ ትንሿ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ሲያያዙ ይህ ዱቄት ይሆናል። ከዚህ የቀለለ ጥንድ የለም። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ውሃ ውስጥ ሲገባ አሲድ ቢመጣበት አሲዱን ያበርዳል፤ የአሲድ ተቃራኒ ቢመጣበትም ያንኑ ያበርዳል። ውሃው በተወሰነለት ልክ ይቆያል። ባፈር ይሉታል።

“ሽማግሌ ነዋ” አልኳት። “መሀል ተቀምጦ ሁለቱን ተጣይ ያስታርቃል።”

አሁን ሳቀች። ከዛሬ ጀምሮ ዱቄቱን ሽማግሌው እንለዋለን። ያለው አንድ ትንሽ ብልቃጥ ነው፤ አስተማሪዋ ከውጭ አስመጥቶ የሰጣት። ሌላ አገኛለሁ ብላ አታስብም።

ሚያዝያ 24

ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ በትክክሉ ልጻፍ። ሰው ሲጠይቀኝ አንዳንዴ አጋንናለሁ።

የባለቤቴ ወንድም ካሳ አበርገሌ ነው የሚኖረው። የእሱም የጎረቤቶቹም ፍየሎች እየከሱ፣ ሆዳቸው እየተነፋ ይሞታሉ። መንደሩ ተላላፊ በሽታ ነው ይላል። ጥሩሐረግ አይደለም ትላለች። በደረቁ ወራት ገደሉ ውስጥ ብቻ ለምልማ የምትቀር ቢጫ አበባ ያላት አረም አለች፤ እሷ ጉበታቸውን እየጨረሰችው ነው ባይ ናት። በገደሉ ከሚሰማሩትም በጋራው ከሚሰማሩትም ፍየሎች ደም ቀድታ መጥታለች። የደሙ ማቀዝቀዣ የሚሠራው በኔ ሶላር ነው። ይህን ማጋነን አያስፈልገውም።

ጉበት ሲጎዳ አንድ ነገር ወደ ደም ይወጣል። ከደሙ የተለየው ውሃ ሽማግሌው ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ ሌላ አንድ ነገር ሲጨመርበት ቢጫ ይሆናል። የባሰበት ፍየል የባሰ ቢጫ። በጋራው ያሉት ፈዘው፣ የገደሉ ቢጫ ቢሆኑ ነገሩ አለቀ።

የካሳ መንደር እስከ ሰኔ ሚካኤል እንጠብቃታለን ብሏል። እስከዚያ ካላሳየቻቸው ፍየሉን የታመመውንም ያልታመመውንም ነድተው ሊሸጡት ነው። ካሳ ይህን በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ የሱ አልመሰለኝም።

ግንቦት 2

ወጣ! የመጀመሪያው ውሃ። ማሰሮውን አሳጠብኩ፣ ቱቦውን በፈላ ውሃ አሳለፍኩበት፣ በንጹሕ ጠርሙስ ተቀበልኩት። እንባ ይመስላል። ደጅይጥኑ መርፌውን እንደያዘ መጥቶ ቆመ።

“አንተ ምንይሉ፣ ምን አፍልተህ ነው?”

“ውሃ።”

“ምን አገኘህ?”

“ውሃ።”

“ታዲያ ምን አተረፍክ?”

ሳይንስ አይገባውም።

ግንቦት 4

ጥሩሐረግ ውሃውን ተቀብላ ሽማግሌውን ጨመረችበት። በማንኪያ ሲገባ አብሬያት ቆሜ አየሁ። ውሃው ዱቄቱ ከመግባቱ በፊት ጥርት ያለ ነበር፤ ዱቄቱ ሲሟሟ ትንሽ ሰማያዊ ሆነ። በጣም ትንሽ፤ ከዝናብ በኋላ ጋራ ሥር እንደሚታየው ሰማይ። እኔማ አማረኝ። እሷ ግን ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥታ ብዙ አየችው።

“ጋሼ፣ ቱቦው ከምንድን ነው የተሠራው?”

“ከወርቅ” አልኳት። “ላንቺ ብዬ።”

ፈገግ አለች፤ ግን ጠርሙሱን አላወረደችም።

ግንቦት 5

ሙከራው አልሆነም። ቢጫ መሆን የሚገባው አረንጓዴ ነገር ሆነ፤ የጋራውና የገደሉ ፍየል አይለይም። ዱቄቱ መንገድ ላይ ሙቀት አግኝቶት ይሆናል አለች። ይሆናል። አበርገሌ ደርሶ የተመለሰ ነገር ሁሉ ሙቀት አግኝቶታል። ዱቄቱ አበርገሌ እንዳልሄደ ትዝ ያለኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ግንቦት 12

ዛሬ የሚካኤል ማኅበር በደጅይጥኑ ቤት ነበር። ጠላው ጥሩ ነው፤ እኔም ጥሩ ነበርኩ። ስለ ጥሩሐረግ ተጠየቅኩና ተናገርኩ። እንዲህ ያለ ምርምር በትልቅ ከተማ ብቻ ይሠራ እንደነበር፣ አሁን ግን በእኛ ልጅ እጅ ሰቆጣ ውስጥ እየተሠራ እንደሆነ ነገርኳቸው። “ውሃውንስ ማን ይሰጣታል?” ሲሉኝ ትንሽ ዝም አልኩ፤ ዝምታው ጥሩ ነው። ከዚያ “እኔ” አልኩ። ቱቦውን በእጄ አየር ላይ ጠመዘዝኩላቸው። ቄሱ ሳይቀሩ ጽዋቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ።

እታገኝ ከሴቶቹ መሀል ሆና “አረቄውም እኮ ሳንቲም ሳንቲም ይላል” አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ኩራት ኃጢአት ነው ይላሉ። በእህት ልጅ መኩራትን ግን ኃጢአት ብሎ የጻፈ ያለ አይመስለኝም።

ግንቦት 15

ሁለተኛው ውሃ። እንደገና ሰማያዊ። ከሽማግሌው ብልቃጥ ጥሩ አድርጋ ቀንሳበት ነበር። “ከዱቄቱ ይሁን ከውሃው አላውቅም” አለችና እንደገና ጠየቀችኝ፦ “ቱቦው ከምንድን ነው ጋሼ?”

ደጅይጥኑ አጠገባችን ቆሞ ነበር። “የመንግሥት ምስጢር ነው” አልኳት። ደጅይጥኑ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ግን ሦስተኛ አልጠየቀችም። ሰው ፊት ሰው አታሳፍርም። በዚህ እናቷን አልመሰለችም።

ግንቦት 16

ቱቦውን ፈታሁት። ጫፉ ውስጥ አረንጓዴ ነገር አለ። ትንሽ ነው። አረቄ ያለፈበት ዕቃ ሁሉ ትንሽ ነገር ይይዘዋል። ሎሚ ጨመቅኩበት። አፍ እስከ ገደፉ ሎሚ። አጥቤ ገጠምኩት። ከውጭ ያበራል፤ አዲስ ሙሽራ መስሏል። ማንንም አላስቸገርኩም፣ ለማንም አልተናገርኩም። የሚነገር ነገርም የለው።

ግንቦት 20

ሦስተኛው ውሃ። ከሁሉም የባሰ ሰማያዊ።

ጥሩሐረግ ጠርሙሱን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ከደነች። ዱቄቱን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበት። ለአንድ ጊዜ የሚሆን ብቻ ነው የቀረው።

“እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ ለጊዜው ውሃ ይቆየን” አለችኝ። በትሕትና። ጮኻ ብትሰድበኝ ምሳዬን እበላ ነበር።

ግንቦት 22

ሁለት ሬዲዮ፣ አንድ ስልክ። ስልኩን አበላሸሁት። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው።

ግንቦት 24

ካሳ ከአበርገሌ መጣ። አንድ ቀን ተኩል በእግር፣ ቀሪውን ባገኘው የጭነት መኪና። ሱቄ ደጃፍ ተቀምጦ ጫማውን ሲያራግፍ አቧራው አላልቅ አለው። ሌላ ጊዜ “የአበርገሌን መሬት ይዘህብን መጣህ” እለው ነበር።

“ቡሬም ተኛች” አለኝ። ቡሬ የምትታለብለት ፍየሉ ናት። ልጆቹ ያደጉት በእሷና በእናቷ ወተት ነው። “መንደሩ ቸኩሏል። ልጅቷ ምን ትላለች?”

“እየሠራች ነው።”

“አንተ ረድተሃታል አሉ። ማኅበር ላይ ተናግረሃል አሉ። አበርገሌ ድረስ ተሰምቷል” አለና ትከሻዬን መታ አደረገኝ። “አንተ ካለህበት አልሰጋም።”

ወደ እታገኝ ቤት ወስጄው ስገባ ከጓዳ ድምፅ ሰማሁ። ካሳ ውጭ እግሩን ይታጠባል።

“ለምን አትነግሪውም?” ይላል የእታገኝ ድምፅ።

“ማኅበሩ ላይ እንደዚያ ተናግረው? ከወልድያ የባትሪ ውሃ እንዲያመጣልኝ ለአንድ ሹፌር ነግሬዋለሁ። ከመጣ ማንም ምንም ሳይል ያልቃል።”

“ካልመጣስ?”

መልሱን አልሰማሁም፤ ምክንያቱም ጮክ ብዬ ሳልኩ። ስለ ማን እንደሚያወሩ አላውቅም። ሰቆጣ ውስጥ ማኅበር ላይ የሚናገር ሰው ብዙ ነው።

ግንቦት 25

ሹፌሩ አልመጣም። መንገዱ ዝግ ነው።

ስለ ማን እንደሚያወሩ አውቃለሁ።

ግንቦት 26

በጠዋት ቱቦውን ፈትቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ ቤተ ሙከራው ድረስ ሄድኩ። ዘበኛው “ጋሽ ምንይሉ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይዘው መጡ?” አለኝ። “ጥፋቴን” አልኩት። ቀልድ መስሎት እየሳቀ አስገባኝ።

ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

“መዳብ ነው” አልኳት። “ስትጠይቂኝ የቀለድኩብሽ ነገር መዳብ ነው። ውስጡ አረንጓዴ ነበረበት። በሎሚ አጠብኩት።”

“አውቃለሁ” አለችኝ።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ውሃው ሎሚ ሎሚ ከሸተተኝ ቀን።”

ወንበር ሳበችልኝ። ከዚያ አስረዳችኝ። አሲድ መዳቡን እየበላ ወደ ውሃው ያወርደዋል፤ ከአረቄው የቀረው ትንሽ አሲድ አንሶ እኔ ሎሚ ጨመርኩለት። ውሃው ብቻውን ሲሆን መዳቡ ብዙ አይታይም። ሽማግሌው ሲገባ ግን መዳቡን ጨብጦ ይይዘዋል፣ ሰማያዊው ያኔ ይወጣል። ሁለት ግላይሲን ተያይዘው የሚጨብጡትን መዳብ በቀላሉ አይለቁም አለች። ስትናገር እጇን ጨብጣ አሳየችኝ። እኔ በዚያ ሰዓት እንኳ እንዴት አድርጋ ታስረዳለች እያልኩ ነበር። ይህችን ልጅ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፣ ከሬዲዮ ካርቶን ላይ።

“የፈጀሁብሽ ዱቄት…”

“እኔም ጥፋት አለብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ቱቦውን ሳላይ ውሃውን አልቀበልም ነበር። እርስዎ ስለሆኑ ሳላይ ተቀበልኩ። ሹፌሩ እስከ ዛሬ ካልመጣ ልነግርዎ ወስኜ ነበር።”

“አሁንስ?”

“ለአንድ ጊዜ የሚሆን አለ። ንጹሕ ውሃ ካገኘን ይበቃል። ቱቦ የሌለበት።”

ግንቦት 27

የእታገኝ ትልቁ የማይዝግ ድስት። መሀሉ ላይ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህን ከፍ ተደርጎ ተቀምጧል። ክዳኑ ተገልብጧል፣ ላዩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ። ከሥር እንፋሎቱ ይነሣል፣ ክዳኑን ይነካል፣ ወደ መሀል ወርዶ ሳህኑ ውስጥ ጠብ ይላል። ይህ የጥሩሐረግ ሐሳብ ነው። የኔ ሥራ የክዳኑ ላይ ውሃ ሲሞቅ ቀድቶ ቀዝቃዛ መተካት ነው።

ቀኑን ሙሉ ዋልኩበት። ጠብታ ነው፤ ችኮላ አይወድም። ደጅይጥኑ በበሩ አንገቱን አስገብቶ “ቱቦውስ?” አለ።

“አርፏል።”

ሌላ የምል መስሎት ቆሞ ጠበቀ። ሌላ አላልኩም። ደንግጦ ሄደ፤ ለሚስቱ ምንይሉ ታሟል ብሏት ማታ አጥሚት ላከችልኝ።

ግንቦት 28

ዛሬም እንደዚያው። እታገኝ አጠገቤ ተቀምጣ ጌሾዋን ትለቅማለች። “ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንቲም ሳንቲም ይላል ስልህ” አለች።

“አዎ እትዬ።”

እሷም ደነገጠች።

ግንቦት 30

የመጨረሻው ዱቄት። ጥሩሐረግ ብልቃጡን ገልብጣ ታችኛውን መታ መታ አደረገች፤ ምንም እንዳይቀር። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ፤ ትንፋሼም እንዳይነካው ብዬ። ዱቄቱ ገባ። ተማሰለ። ወደ መስኮቱ አነሣችው።

ምንም። ውሃ። ከውሃ በቀር ምንም የማይመስል ውሃ።

ዞር ብላ እንባዋን ስትጠርግ አየሁ። ጢስ አልነበረም።

ሰኔ 3

ካሳን እስክትጠራው ድረስ ሥራውን ሁሉ አልጨረሰችም፤ የተወሰነውን ለእሱ ዓይን አስቀርታለች። ከጎረቤቱ ከይግዛው ጋር መጣ። ይግዛው ፍየሉ ይሸጥ ከሚሉት ዋናው ነው፤ ፊቱን ሰብስቦ ገባ።

ጥሩሐረግ ትንንሾቹን የመስታወት ቱቦዎች ነጭ ወረቀት ፊት ደረደረች። የየፍየሉን ከደም የተለየ ውሃ በየቱቦው ጨመረች። ከዚያ ተቀምጠን ጠበቅን። እኔም ዝም አልኩ። ለኔ ይህ ከፍየሉ ሕመም የከበደ ነገር ነው።

ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው፤ ቢጫ። ጥርት ያለ ቢጫ፣ አረንጓዴ የማያውቀው። ከሌላው ወገን ያሉት ፈዝዘው ቀሩ። ካሳ ጎንበስ ብሎ ከሁሉም ወደ ባሰው ቢጫ አመለከተና የማን እንደሆነ በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ ጠየቃት። እሷም በኽምጥኛ መለሰችለት። ከዚያ ቱቦውን አዙራ በላዩ ላይ የጻፈችውን አሳየችው።

“ቡሬ” አለ ካሳ። እጁን ወደ አፉ ወሰደ።

ይግዛው የፈዘዙትን እያየ “እነዚህስ የማን ናቸው?” አለ።

“የጋራዎቹ። ከነዚህ ውስጥ የእርስዎም አሉ።”

“የኔ ደህና ናቸው?”

“ደህና ናቸው። ወደ ገደሉ አያውርዷቸው። ተላላፊ ቢሆን ኖሮ ከታመሙት ጋር በአንድ በረት አድረው ደህና አይሆኑም ነበር።”

ይግዛው ሁለቱን ወገን እያፈራረቀ አየ። ከዚያ “የገደሉን አፍ በእሾህ እናጥረዋለን” አለ ለካሳ። ስለ መሸጥ አላነሣም። ሲወጣ ለጥሩሐረግ ከወገቡ ጎንበስ አለላት። አበርገሌ ውስጥ እንደዚያ የሚሰገደው ለትልቅ ሽማግሌ ብቻ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ቡሬ ትድን ይሆን አልኳት በኋላ። “እንጃ ጋሼ” አለች። “ጉበቷ ብዙ ተጎድቷል። ግልገሏ ግን ትተርፋለች።”

ሰኔ 12

የሰኔ ሚካኤል። የማኅበሩ ጽዋ ተራው የኔ ሆኖ ቤቴ ነው የተሰበሰቡት። ጾም ስለሆነ ሹሮና ክክ ነው፤ ጠላው ግን አልቀነሰም። ስለ ጥሩሐረግ ሰምተዋል፤ ቄሱ መርቀዋት ጨርሰው ወደ እኔ ዞሩና “ውሃውን የሰጣትም ይባረክ” አሉ።

አሜን ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አፌ ተከፍቶ ነበር።

“አባቴ፣ ይቆዩኝ” አልኩ። “ባለፈው በደጅይጥኑ ቤት የተኩራራሁበት ውሃ መዳብ ነበረበት። የልጅቷን ዱቄት ሦስት ጊዜ የፈጀሁት እኔ ነኝ። ቱቦው ከምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ቀለድኩባት። ውሃውን ያወጣችው እሷው ናት፣ በእናቷ ድስት። እኔ ክዳኑን አቀዘቀዝኩ።”

ደጅይጥኑ ጽዋውን አስቀመጠ።

“ውሃ አፍልተህ ውሃ ብቻ ያተረፍክ መስሎኝ” አለ፤ “ለካ ሳንቲምም አትርፈሃል።”

ሳቁ ጣራውን አነሣው። እኔም ከልቤ ሳቅኩ፤ በኔ ላይ ሲሳቅ ይህን ያህል እንደሚጣፍጥ ቀድሞ ባውቅ ኖሮ ለሌሎቹም ተራ እሰጥ ነበር። ቄሱ ሳቃቸውን ጨርሰው “ክዳኑን ያቀዘቀዘም ይባረክ” አሉ። አሁን አሜን አልኩ።

ሰኔ 27

ዝናቡ ገብቷል። ካሳ ደውሎ ነበር፤ ገደሉ ታጥሯል፣ አዲስ የታመመ የለም። ቡሬ ሞተች። ግልገሏ በጋራው ላይ ናት።

ሦስተኛውን ሰማያዊ ጠርሙስ ለምኜ ወስጄ ሱቄ መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ፀሐይ ሲያገኘው ያምራል። ደንበኛ ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል። የእህቴን ልጅ ሥራ ያበላሸሁበት ነው እላለሁ፤ ከዚያ እንዴት እንዳቃናችው እነግራቸዋለሁ፤ ይህኛው ረዘም ይላል። ሬዲዮአቸውን ረስተው የሚሄዱ አሉ።

ከሰዓት እታገኝ ቤት የአረቄውን ዕቃ ስገጣጥም ጥሩሐረግ በዝናብ ረጥባ ገባች። ነጠላዋን እያራገፈች አጠገቤ ቆመች፤ ከማሰሮው ወደ መቀበያው የሚሄደውን አየች።

“ጋሼ፣ ይህ ቱቦ ከምንድን ነው?”

“ከመቃ” አልኳት።

ቆመች። ጠበቀች። ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቁ ተዘጋጅቶ ቆሟል።

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም። መቃ ብቻ ነው።”

ጎንበስ ብላ ግን በጣቷ ነካ አድርጋ አየችው። ደስ አለኝ። ሥራ እንዲህ እያዩ ነው የሚሠራው።